ጀግናው ጎረነነ

ሊቁ፦ ተነሥ አልኩህ ከሳጥኑ ላይ!

ፈዘዝ፦ ሳጥን እኮ ነው። ለስላሳ የሚመጣበት ሳጥን። ሰው ካልተቀመጠበት ለምን ገለበጥከው?

ሊቁ፦ የገለበጥኩት ለአንተ መቀመጫ አይደለም፤ ለጥበብ ነው!

ፈዘዝ፦ (ብድግ ብሎ ሳጥኑን ከላይ ከታች እያየ) ጥበብ? እኔ የማየው «ጠርሙሱ ይመለስ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው።

ሊቁ፦ ጀግናችን የሚቆምበት ነው፤ ገባህ? ከአሁን ጀምሮ ይሄ ሳጥን ሳጥን አይደለም። ተዋናይ ነው።

ፈዘዝ፦ ይናገራል?

ሊቁ፦ አይናገርም!

ፈዘዝ፦ እንደ ጀግኒት ማለት ነዋ።

ሊቁ፦ ምን አልክ?

ፈዘዝ፦ ኧረ ምንም። ቀጥል።

(ይህ ሁሉ የሚሆነው በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ትልቁ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ቀለሙ ገና ባልደረቀ የካርቶን መማሪያ ክፍል መካከል ነው። ሊቁ አዘጋጁ ነው። «ሊቁ» ቅጽል ስሙ ሲሆን ስሙን ያወጣለት ራሱ ነው እየተባለ ይታማል። ፈዘዝ ደግሞ የዘፈኖቹ ደራሲ ነው። በልጅነታቸው አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የተማሩት፤ ሊቁ ሳይጠየቅ እጁን ያወጣል፣ ፈዘዝ ተጠይቆ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። አምና ሁለቱ ተጋግዘው «የኋላ ወንበር ድምፆች» የሚባል የወጣቶች ሙዚቃዊ ፊልም ለቴሌቪዥን ሠሩ። የኋላ ወንበር ላይ ተደብቆ የሚያንጎራጉር ዓይናፋር ልጅና አንጎራጓሪውን ልትይዝ የተነሣች የክፍል አለቃ ይፋቀራሉ፤ ታሪኩ ይኸው ነው። ተመልካቹ ግን አበደ። በየአውቶቡሱ፣ በየደረጃው፣ በየመታጠቢያ ቤቱ ያቺው ዘፈን ሆነች፦

ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ስጣራ፣
ሰማሽኝ ወይ አንቺ የክፍሉ ጮራ?

በቅርቡ የተሾሙት የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ወንበራቸው ላይ ገና ሳይደላደሉ «ተከታዩ ይሠራ» ብለው አዘዙ። ሊቁ በደስታ ሰማይ ምድሩ ጠበበው። ሁሉን የሚያውቀው ሊቁ አንዲት ነገር ብቻ ዘንግቶ ነበር፦ ልጆች ያድጋሉ። ዛሬ የመዝጊያው ዘፈን ይቀረጻል፤ ሥራ አስኪያጇም ሊያዩ ራሳቸው ይመጣሉ።)

ሊቁ፦ ስማኝ። አምና ጀግኒት የጀግናውን ትከሻ ነበር የምታክለው። በዕረፍቱ ምን እንዳበሏት አላውቅም፣ ዘንድሮ እንደ ሸንበቆ ተመዝዛ መጣችልህ። እሱ ቀና ሲል የሚያየው አገጯን ነው። ፍቅር ከአገጭ ይጀመራል?

ፈዘዝ፦ አገጯ ግን ቆንጆ ነው።

ሊቁ፦ ወንድሜ! ስለዚህ እሱ ሳጥኑ ላይ ይቆማል። እሷን ደግሞ አሳጥራት ብዬህ ነበር። አሳጠርካት?

ፈዘዝ፦ ድሮ! ትናንት ጨርሻለሁ።

ሊቁ፦ እሰይ! አንዳንዴ እኮ ሰው ትሆናለህ። እንዴት አደረግከው? ተረከዝ የሌለው ጫማ?

ፈዘዝ፦ ጫማ ምን ያደርጋል፤ በእርሳስ ነው ያሳጠርኳት።

ሊቁ፦ በምን?

ፈዘዝ፦ በእርሳስ። መጀመሪያ ያን ረጅሙን የልደት ንግግሯን አወጣሁ። ትንሽ አጠረች። ከዚያ የፀቡን ንግግር አወጣሁ። ከዚያ ለእናቷ የምትነግረውን። አንተ «ገና ናት፣ ገና ናት፣ አሳጥራት» ስትለኝ ቆርጬ ቆርጬ አሁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ሊቁ፦ ምን?

ፈዘዝ፦ «እሺ።»

ሊቁ፦ እሺ?!

ፈዘዝ፦ እሱም «እሺ፣ ጥሩ» ነበር። «ጥሩ»ን ሳወጣት ጭራሽ አጠረች።

ሊቁ፦ ቁመቷን ነው እኮ ያልኩህ፣ ቁመቷን!

ፈዘዝ፦ የሰው ልጅ ቁመት ያጥራል እንዴ? እኔ ደራሲ ነኝ እንጂ ልብስ ሰፊ አይደለሁም።

ሊቁ፦ ወይኔ! ልጅቷስ? ይህን ጉድ ስትነግራት ምን አለችህ?

ፈዘዝ፦ «እሺ» አለችኝ። ሌላ ምን ቀራት?

(ሊቁ ፀጉሩን በሁለት እጁ ይዞ የካርቶኑን ክፍል አንድ ጊዜ ዞረው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ትልቁን ማስታወቂያ ሲያይ ቀጥ ብሎ ቆመ።)

ሊቁ፦ ይሄ ምንድነው? «የኋላ ወንበር ድምፆች፣ ክፍል አሥር»?

ፈዘዝ፦ አስተካክዬው ነው። አንተ «ክፍል ሁለት» ብለህ ተሳስተህ ነበር።

ሊቁ፦ ሁለተኛው ፊልም ነው እኮ! ክፍል ሁለት ነው!

ፈዘዝ፦ ልጆቹ አሥረኛ ክፍል ናቸዋ። ሁለተኛ ክፍል ብለህ ፍቅር ብታስይዛቸው ወላጅ ዝም የሚልህ ይመስልሃል? አንተን ከጉድ ያወጣሁህ መስሎኝ።

ሊቁ፦ ሕዝቡ ከሦስት እስከ ዘጠኝ ያለውን የት ሄጄ ልየው አይልም?

ፈዘዝ፦ (ጣሪያውን እያየ) እሱን አላሰብኩትም። እውነትም ብዙ ታሪክ ያመልጠዋል።

ሊቁ፦ አንተ ምን ታውቃለህ! ወጣቱን የሚያውቀው እኔ ነኝ። የወጣቱን ልብ፣ የወጣቱን ቋንቋ፣ የወጣቱን ትንፋሽ ሳይቀር!

ፈዘዝ፦ ቋንቋውን ካነሣህ፣ ልጆቹ አንድ ነገር ጠይቀውኝ ነበር። ጀግናው «ልቤ በፍቅርሽ ሠረገላ ተሳፍሯል» ይላል አይደል? «ሠረገላ ምንድነው?» አሉኝ።

ሊቁ፦ ምን ብለህ መለስክ?

ፈዘዝ፦ «የታክሲ ዓይነት ነው» አልኳቸው። «ታዲያ ረዳቱ ማነው?» አሉኝ። እስካሁን መልስ አላገኘሁላቸውም።

(የሊቁ ዓይን በትልቅ አንሶላ የተሸፈነ ጉብታ ላይ አረፈ። ትናንት ማታ አልነበረም። መማሪያ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ይዞታል።)

ሊቁ፦ ከአንሶላው ሥር ያለው ማነው?

ፈዘዝ፦ ማንም አይደለም። ድልድዩ ነው።

ሊቁ፦ የምን ድልድይ?

ፈዘዝ፦ (በኩራት አንሶላውን ገፎ) ይኸዋ! «ከፀቡ ወደ መዝጊያው ዘፈን የሚያሻግረኝ ድልድይ ሥራልኝ» ብለህ ለምነኸኝ አልነበር? ላሻግርህ ብዬ ነው።

ሊቁ፦ ሙዚቃ ነው ያልኩህ! አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ!

ፈዘዝ፦ ሙዚቃ?

ሊቁ፦ በፒያኖ! ሁለት ሦስት ድምፅ! ቲንግ ቲንግ ቲንግ!

ፈዘዝ፦ አይ፣ እሱ ቢሆን ኖሮ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። አናጢው እኮ ሌሊቱን ሙሉ ለፋበት! «ወንዙስ?» ብሎ ቢጠይቀኝ «ወንዙን ሊቁ ያመጣዋል» አልኩት።

ሊቁ፦ (ድልድዩን በጀርባው እየገፋ) አውጡት! አሁኑኑ ከዚህ ይውጣ!

ፈዘዝ፦ አትድከም። ዝሆን ቢሻገርበት አይነቃነቅም ብሎኛል አናጢው። ቀለሙ ግን አልደረቀምና…

ሊቁ፦ (ሳይሰማ፣ እየገፋ) የክፍል ውስጥ ድልድይ! እንኳን ሊታይ፣ ሲነገር ያሳፍራል! (ደክሞት ድልድዩን ተደግፎ ቀረ። አጠገቡ ሰው አለመኖሩን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።) እሺ። ድልድዩም ይቅር፣ ረዳቱም ይቅር። ዋናውን ምስጢር ልንገርህ። ለሰው እንዳትተነፍስ።

ፈዘዝ፦ (ትንፋሹን ይይዛል)

ሊቁ፦ ተንፍስ! እንዳትናገር ማለቴ ነው። ልጁ… ጎርንኗል።

ፈዘዝ፦ ጀግናው?

ሊቁ፦ ጀግናው። ያ እንደ ብር ደወል የሚንቃጨል ድምፅ ሄዶ፣ ከጉድጓድ የሚወጣ ነገር ገብቶበታል። ትናንት ከኋላዬ መጥቶ «እንደምን ዋሉ» ሲለኝ ጥበቃው መስሎኝ መታወቂያዬን አወጣሁ።

ፈዘዝ፦ ለእኔም ደውሎልኝ አጎቴ መስለውኝ «እንዴት ከረሙ፣ ጉልበትዎን ተሻለዎት?» አልኩት። «ደህና ነኝ፣ ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም» ሲለኝ ለአጎቴ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሊቁ፦ አየህ? ሥራ አስኪያጇ ይህን ከሰሙ ፊልሙ አለቀለት። «ይህን ጎርናና ማን ያየዋል?» ብለው ሰርዘው፣ እኔንና አንተን የአየር ጠባይ ማስታወቂያ ላይ ይመድቡናል። አንተ ደመና፣ እኔ ፀሐይ።

ፈዘዝ፦ ፀሐይ እኔ ብሆን ምናለ?

ሊቁ፦ ዝም ብለህ ስማ! ዘዴ ፈጥሬያለሁ። ማን ነኝ እኔ? ልጁ ዛሬ አይዘፍንም። የአምናው ቅጂ ይከፈታል፤ እሱ አፉን መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው። እንደ ዓሣ።

ፈዘዝ፦ ዓሣ ይዘፍናል?

ሊቁ፦ አይዘፍንም! ለዚህ ነው እንደ ዓሣ ያልኩህ! ጠዋት ምን ብዬ ነው ያዘዝኩህ? «የአምናውን ልጅ አጫውተው፤ ደህና መሆኑን አረጋግጥ» አላልኩም?

ፈዘዝ፦ ብለኸኛል። አጫወትኩት።

ሊቁ፦ ተመስገን! እንዴት ነው ታዲያ፣ ይሠራል?

ፈዘዝ፦ መጀመሪያ ላይ ጭጭ አለ።

ሊቁ፦ ጭጭ አለ? ገመዱ ነው! ገመዱን አየኸው?

ፈዘዝ፦ ገመድ የለውም።

ሊቁ፦ ያለ ገመድ እንዴት ይሠራል? ከዚያስ?

ፈዘዝ፦ ከዚያማ ጀርባውን መታ መታ አደረግኩት።

ሊቁ፦ (ደረቱን ይዞ) መታኸው?! በዚያ ሁሉ ገንዘብ የተገዛ ዕቃ!

ፈዘዝ፦ ቀስ ብዬ ነው ባክህ። እምቢ ሲል ውሃ ሰጠሁት።

ሊቁ፦ ውሃ?! ማጫወቻው ላይ ውሃ አፈሰስክ?!

ፈዘዝ፦ አንድ ብርጭቆ ብቻ። ጭልጥ አድርጎ ጠጣና አለቀሰ።

ሊቁ፦ ምኑ ነው የሚያለቅሰው?

ፈዘዝ፦ ልጁ ነዋ!

ሊቁ፦ የቱ ልጅ?

ፈዘዝ፦ የአምናው ልጅ፣ ጀግናው! አጫውተው ብለኸኝ የለ? ይኸው ልብስ መቀየሪያው ክፍል ቁጭ ብለን ስንጫወት አረፈድን። እንዲህ ሆድ የሚያባባ ጨዋታ ተጫውቼ አላውቅም።

(ፈዘዝ እንደ ወትሮው ጣሪያ ጣሪያውን ሳይሆን ወለሉን እያየ ነው የሚያወራው።)

ፈዘዝ፦ ድምፁ ከተለወጠ ወዲህ ቤቱ ውስጥ አይናገርም አሉ። ሲጠሩት በአንገቱ ነው የሚመልሰው። መንገድ ላይ ልጆች «እስቲ ያቺን ዝፈንልን» ሲሉት መንገድ ይቀይራል። ምን አለኝ መሰለህ? «ሰው የወደደው ያንን ልጅ ነው። ያ ልጅ ሄዷል። እኔ ታላቅ ወንድሙ ነኝ» አለኝ።

ሊቁ፦ ታላቅ ወንድሙ ነኝ?

ፈዘዝ፦ እንዲያ ነው ያለኝ። እኔም «ታላቅ ወንድምየውም ይዝፈን እንጂ፣ ማን ከለከለው?» አልኩትና አዲስ ዘፈን አበጀን። ለዚያ ለጎርናናው። ሙዚቀኞቹም አጥንተውታል።

(የሊቁ ልብ አንድ አፍታ ሸምቀቅ አለች። እሱም ቢሆን በዚያ ዕድሜው ሲጎረንን ክፍል ውስጥ እጁን ማውጣት አቁሞ እንደነበር ትዝ አለው። ነገር ግን ከኮሪደሩ የባለ ተረከዝ ጫማ ድምፅ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ሲል ልቡ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።)

ሊቁ፦ መጡ! አዲስ ዘፈን የለም! ዓሣ ነው፣ ዓሣ! ማጫወቻውን አምጣ!

ፈዘዝ፦ ማጫወቻው… አናጢው ሲመታ ከሥሩ ተቀምጦ ነበር።

ሊቁ፦ ከምን ሥር?

ፈዘዝ፦ ከድልድዩ። አሁንማ ውስጡ ነው። ግራና ቀኙን በሚስማር ጠርቅሞታል።

ሊቁ፦ ገደልከኝ!

ፈዘዝ፦ ሊቁ፣ እሳቸው ሳይገቡ አንድ ነገር ልንገርህ። ልጁን የምታሳድገው አክስቱ…

ሊቁ፦ አውቃታለሁ!

ፈዘዝ፦ ታውቃታለህ እንዴ?

ሊቁ፦ ከመዳፌ በላይ! እኔ በዚህ ሥራ የማላውቀው ሰው አለ?

ፈዘዝ፦ (እፎይ ብሎ) እንዲያ በለኛ! እኔ እኮ የማታውቅ መስሎኝ ስጨነቅ ነበር።

(ሥራ አስኪያጇ ይገባሉ። ረጋ ያሉ፣ መነጽራቸውን ፀጉራቸው ላይ የሰኩ ሴት ናቸው። ሊቁ ወገቡን ለሁለት አጥፎ ይቀበላቸዋል።)

ሥራ አስኪያጇ፦ እንደምን ዋላችሁ። ዝግጅቱ እንዴት ነው አቶ ሊቁ?

ሊቁ፦ እንኳን ደህና መጡልን! ሁሉም ነገር ልክ ባቀድኩት መሠረት ነው!

ሥራ አስኪያጇ፦ መማሪያ ክፍሉ ውስጥ የማየው ድልድይም?

ሊቁ፦ ድልድዩ… (ላቡን እየጠረገ) ድልድዩ ረቂቅ ሐሳብ ነው። ከልጅነት ወደ ጉልምስና የሚያሻግር። ያፈለቅኩት እኔ ነኝ።

ፈዘዝ፦ ወንዙን ነው የምንጠብቀው።

ሥራ አስኪያጇ፦ ልጅቷስ? ንግግሯ ሁሉ ወጥቶ «እሺ» ብቻ ቀርቷል ሲሉ ሰማሁ።

ሊቁ፦ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ? ዝምታዋ ይናገራል። እሱም የእኔ ሐሳብ ነው።

ፈዘዝ፦ ቁመቷ እንዲያጥር ነው።

ሥራ አስኪያጇ፦ (ፈገግታቸውን እየዋጡ) የልጁ ድምፅስ እንዴት ነው? ዘንድሮ ሲዘፍን ለመስማት እስካሁን አልታደልኩም።

ሊቁ፦ ድምፁ ያው ነው! እንደ ብር ደወል!

ሥራ አስኪያጇ፦ (ገርሟቸው) ዛሬም?

ሊቁ፦ እንዲያውም ብሶበታል! ባለፈው ሳምንት አክስቱ ቤቷ ጋብዛኝ ቁጭ ብዬ ስሰማው ዋልኩ።

(ፈዘዝን ሳል ያዘው።)

ሥራ አስኪያጇ፦ አክስቱ ጋበዘችዎት?

ሊቁ፦ (ለፈዘዝ) ውሃ ጠጣ አንተ! (ለእሳቸው) አዎን፣ እሷ እኔን ሳታማክር ልጁን የትም አትልክም።

ሥራ አስኪያጇ፦ ይገርማል! እስቲ ይንገሩኝ፣ እንዴት ያለች ሴት ናት?

ሊቁ፦ ለእርስዎ ስለሆነ ነው፤ ከእኛ እንዳይወጣ። ግትር ናት። ችኮ! ጥበብ የሚባል ነገር በደጇ አላለፈም። «ልጁን ለፊልም አልሰጥም» ብላ እግሯን ተክላ «ተይ አንቺ ሴት፣ የልጁን እንጀራ አትዝጊ!» ብዬ ስገሥጻት ነው የተመለሰችው። አለቀሰች።

ሥራ አስኪያጇ፦ አለቀሰች?

ሊቁ፦ ትከሻዬ ላይ! ኮቴ እስካሁን አልደረቀም።

ሥራ አስኪያጇ፦ (ዞር ብለው ጀርባውን አይተው) እውነትም አልደረቀም። አረንጓዴ ነው የምታለቅሰው?

ፈዘዝ፦ የድልድዩ ቀለም ነው።

ሥራ አስኪያጇ፦ መልኳስ እንዴት ነው?

ሊቁ፦ (ራሱን በሐዘን ነቅንቆ) እሱን እንኳ ባናነሣው።

ፈዘዝ፦ (እጅጌውን እየጎተተ) ሊቁ…

ሊቁ፦ አትጎትተኝ!

ፈዘዝ፦ ቅድም ልነግርህ ያልኩት እኮ…

ሊቁ፦ አውቃለሁ አልኩህ፣ አውቃለሁ!

(መብራቱ ጠፍቶ በራ። ሙዚቀኞቹ ሊቁ የማያውቀውን ዜማ ጀመሩ። ጀግናው ደብተሩን በብብቱ ይዞ ድልድዩ ላይ ወጣ፤ ጀግኒት ከታች ቆማለች። አንዱ ከላይ አንዷ ከታች ሲሆኑ ፊትና ፊታቸው ልክ ለልክ ገጠመ። ሳጥን የሚባል ነገር ማንም አላስታወሰም። ሊቁ ዓይኑን ጨፈነ፤ የአየር ጠባይ ማስታወቂያው ፀሐይ ከሩቅ ስትመጣ ታየችው። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። ወፍራም፣ ትንሽ ሻካራ፣ መጀመሪያ ላይም የሚንቀጠቀጥ።

አምና የነበረው ድምፄ ወዴት ሄደ?
አጎቴን መሳይ ሰው ጉሮሮዬን ለመደ።

ካሜራ የያዘችው ልጅ ሳቋ አመለጣት፤ ሙዚቀኞቹም ሳቁ። ልጁም ሳቀ። ሲስቅ ፍርሃቱ ወደቀለት፤ ድምፁ ሞልቶ የካርቶኑን ግድግዳ ማንቀጥቀጥ ጀመረ፦

አትሽሺ ደንግጠሽ፣ ስሚኝ ጠጋ ብለሽ፣
በሩ ነው የሰፋው፣ ቤቱን ታውቂዋለሽ።

ሙዚቃው ዝም አለ። ጀግኒት ቀና አለች። በዚህ ሁሉ ፊልም ውስጥ አንዴም ያልተነፈሰችው ልጅ፣ አፏን ከፍታ በቀስታ «እሺ» አለች። ስቱዲዮው በጭብጨባ ተናጋ። መብራት ሰቃዩ መሰላሉ ላይ ሆኖ ዓይኑን ይጠርጋል። ሊቁ ራሱ ሳያውቀው እያጨበጨበ ነበር። ይህን «እሺ» አንድ ገጽ ንግግር እንደማይተካው ያን ጊዜ ገባው፤ የእሱ ሐሳብ ነው ብሎ አስቀድሞ መናገሩም ደስ አለው። ዞር ሲል ሥራ አስኪያጇ መነጽራቸውን አውርደው ያለቅሳሉ።)

ሊቁ፦ (ደንግጦ) ይቅርታ! ድምፁን… ዛሬ ጉንፋን ይዞት ነው!

(ጀግናው ግን ከድልድዩ ዘሎ ወረደና ጣሪያውን በሚያናውጥ ድምፅ «አክስቴ! ሰማሽኝ?» እያለ መጥቶ ሥራ አስኪያጇ አንገት ላይ ተጠመጠመ። ሊቁ ወደ ኋላው ተመለከተ፤ ሌላ ሴት አልነበረችም።)

ሥራ አስኪያጇ፦ ሰማሁህ የኔ ጌታ። ቤት ውስጥ በአንገትህ ስታናግረኝ ከርመህ፣ እዚህ በጉሮሮህ ልታናግረኝ? (ግንባሩን ስመው) ሂድ፣ ጓደኞችህ ይጠብቁሃል። «በአክስቱ ነው የገባው» እንዳይሉህ፣ ዝምድናችንን ደብቂልኝ ስትለኝ ደብቄልህ ነበር፤ አንተው በሰው ፊት አወጣኸው።

ሊቁ፦ እ… እ… እርስዎ…

ሥራ አስኪያጇ፦ ፊልሙ እንዳለ ይተላለፍ አቶ ሊቁ። ድልድዩም ይቆይ፣ «እሺ»ውም ይቆይ። የዘፈኑን ደራሲ ከልብ አመሰግናለሁ። ያቺን ግትር ሴት ሲያገኟት ደግሞ ሰላም ይበሉልኝ። መልኳን አያንሡባት እንጂ፣ ሌላውን ትችለዋለች።

(እየሳቁ ይወጣሉ። ጫማቸው በኮሪደሩ ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያለ ይርቃል። ሊቁ ባለበት ድርቅ ብሎ ቀርቷል። ፈዘዝ ክንዱን ይዞ አስቀመጠው።)

ሊቁ፦ ለምን… ለምን አልነገርከኝም?

ፈዘዝ፦ ከመዳፌ በላይ አውቃታለሁ አልከኝ። ለሚያውቅ ሰው ምን ይነገራል? አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች አሉ። እኔማ «አብረው ምሳ የበሉ ናቸው፣ በሰው ፊት እየተቃለዱ ነው» ብዬ ነበር የማይህ። «ኧረ ሊቁስ ደፋር ነው» አልኩ በልቤ።

ሊቁ፦ ቆይ፣ ቆይ። ቀስ በልልኝ። አክስቱ ማለት… የእናቱ እህት?

ፈዘዝ፦ አዎ።

ሊቁ፦ እሺ። ሥራ አስኪያጇ ማለት ደግሞ…

ፈዘዝ፦ እሳቸው። አሁን የወጡት።

ሊቁ፦ እሺ። (ረጅም ጊዜ አስቦ) እና ሁለቱ ሴቶች ይተዋወቃሉ?

ፈዘዝ፦ (ትከሻውን በርኅራኄ መታ መታ እያደረገ) በደንብ እንጂ ወንድሜ። አንድ ጫማ ነው የሚጫሙት።